ከኮዱ በላይ ያለች አንድ መስመር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ዳምጠው፣ ዘርፌ ጥያቄዋን ጨርሳ ሳትቀመጥ። ዘርፌ ድረ ገጽ መሥራት ከሚያስተምሯቸው ልጆች አንዷ ናት። ጥያቄዋም «ያጠራቀምኳቸውን ጠቃሚ ኮዶች ለሰው ሁሉ ልለቅ ነው፤ እያንዳንዱን ማብራራት ግዴታዬ ነው ወይ? የወሰደው ራሱ አንብቦ አይረዳም?» የሚል ነበር።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ድረ ገጽ መገንባት ነው፤ ያለውንም ለሰው አይሰስትም። በሥራው ላይ የጠቀመውን ኮድ ቁራጭ ቁራጩን ያስቀምጣል፤ የተቸገረ ሲጠይቀው መዝዞ ይሰጣል። ላፕቶፑ አልነሣ ያለው፣ ገጹ ስልክ ላይ የተዛባበት፣ ሁሉም ወደ እሱ ነው። ምስጋናውንም ይወዳል፤ ማን ይጠላል? ችግሩ ሲሰጥ ይቸኩላል። «ለጥፈው፣ ይሠራል» ብሎ ወደ ሥራው ነው።

አንዲት ጀማሪ ልጅ ለከተማው ሆስፒታል የደም ለጋሾች መመዝገቢያ ገጽ ትሠራ ነበር፣ ያውም በነጻ። «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ላይ መዝገቡ ባዶ ሆኖ መሞከር አቃተኝ» ብትለው አንዲት ኮድ ላከላት። ኮዷ ገጹ በተነሣ ቁጥር መዝገቡን ጠራርጋ «ሰው አንድ»፣ «ሰው ሁለት» የሚሉ የፈጠራ ስሞችና የውሸት ስልኮች ትሞላለች። ለሙከራ ግሩም ናት፤ ከራስ ላፕቶፕ ግን መውጣት የለባትም። እሱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከማወቁ ብዛት መናገሩን ረሳው። ልጅቷም ሠራላትና መረቀችው።

ገጹ ሥራ ጀመረ፤ የከተማው ሰውም እየመጣ ተመዘገበ። ኮዷ ግን ከሌላው ጋር አብራ ገጹ በሚሠራበት የሆስፒታሉ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ገብታ ተቀምጣለች። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ገጹ እንደገና ተነሣ።

የዚያኑ ዕለት አንዲት እናት ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። የደሟ ዓይነት እንደ ልብ የማይገኘው ኦ ኔጋቲቭ ነው። ነርሷ ገጹን ከፍታ «ሰው አንድ» ጋ ደወለች። ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም። «ሰው ሁለት»ም እንደዚያው።

ገጹን የሠራችው ልጅ ከነርሷ ሰምታ እያለቀሰች ለሰውየው ደወለች። «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሰጡኝ? ስሙ ሁሉ ጠፋ እኮ! ሴትዮዋ ልትሞትብን ነው!»

«አላነበብሽውም እንዴ?» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ መጣ። ቢናገረው እውነት ነው፤ ማንም አይፈርድበትም። ግን ለቅሶዋን እየሰማ ነው። ያችን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ ከእሱ በቀር ማንም እንዳልነበረ ገባው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «አታልቅሺ፣ ቶሎ መናኸሪያ ነይ።»

መናኸሪያ ደርሰው ወያላዎቹን ለመኑ። ወያላዎቹም የሚጠሩትን የከተማ ስም ትተው «ኦ ኔጋቲቭ! ደሙ ኦ ኔጋቲቭ የሆነ! እናት ልትሞት ነው!» እያሉ ግቢውን አናጉት። አንድ ሽማግሌ አዲስ መስመር የተከፈተ መስሏቸው ታሪፉን ጠየቁ። ተሳፍሮ መነሻውን የሚጠብቅ አንድ ወታደር ግን ሻንጣውን ትቶ ወረደ። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴም «የኔ ደም ነው» ብላ ተከተለችው። እናቲቱ ተረፈች።

ሰውየው ቤቱ ገብቶ ያጠራቀማቸውን ኮዶች አንድ በአንድ ከፈተ። ከእያንዳንዱ በላይም ምን እንደሚያጠፋና የት መግባት እንደሌለበት የምትናገር አንድ አንድ መስመር ጻፈ። ሰው ኮድ ሲጠይቀው «ቆይ» ማለት የጀመረው ያኔ ነው።

መምህሩ ወደ ዘርፌ ዞሩ። «ልጄ፣ መስጠትሽ መልካም ነው፤ ስጪ። የወሰደ ያንብብ ያልሽውም ልክ ነው፤ እኔስ እናንተን ስቆጣ የምውለው በዚሁ አይደል? ኮድ ግን የማን ቤት እንደገባ አያውቅም። ጀማሪውም ኮዱ ከየት ቤት እንደመጣ አያውቅም። የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ልክ እንደዚያ ሰው። አንዷን መስመር መጻፍ ሲታክትሽ ያችን እናት አስቢያት። እሷ ካንቺ ኮድ አልወሰደችም፤ ብትሰጫትም ማንበብ አትችልም። መስመሯን የምትጽፊው ለእሷ ነው።»