አፈር ቀማሿ ዘርፌ

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ ባሕሩ አጠገብ ዘርፌ የምትባል ሳቂታ ገበሬ ነበረች። ብልህ ናት። ጎረቤቷ ባላባቱ ጓንጉል ደግሞ ስግብግብ፣ በዚያ ላይ ኩራተኛ ነው።

ዘርፌ አንድ ልማድ አላት። ሳትዘራ በፊት አፈሩን ቆንጠር አድርጋ እንደ ወጥ ትቀምሰዋለች። «እህ፣ ምን ልዝራብህ?» ትለዋለች።

መጀመሪያ የነበራት ጥቁር መሬት ነው። ቀመሰችው፤ ጥርሷ ላይ ሙጭጭ አለ። «አንተ ውሃ የማትለቅ ስስታም!» ብላ ሳቀች፣ ሽምብራ ዘራች። ሽምብራው ተንዠረገገ። ይሄኔ ጓንጉል መጣና «ይህ የእኔ ነው፤ አንቺ ወደ ታች ውረጂ!» አላት። ወረደች።

ታች አሸዋ ነው። ቀመሰችው፤ ኮሽ ኮሽ አለ። «አንተ ደግሞ ውሃ የማትይዝ አባካኝ!» ብላ ሳቀች፣ ሐብሐብ ተከለች። ሐብሐቡ የጓንጉልን ሆድ አከለ። ጓንጉልም መጣ። «ይህም የእኔ ነው፤ ውረጂ!» ወረደች።

ከዚያ በታች ያለው የባሕሩ ጠርዝ ነው። ቀመሰችው፤ ፊቷ ጭምድድ አለ። ጨው! ልትስቅ አለችና ፈራች። ከዚህ ብትባረር የሚቀራት ባሕሩ ብቻ ነዋ፤ ባሕር ደግሞ አይታረስም። ቦይ ቀደደች፣ ዝናብ ጨውን እስኪያጥብላት ጠበቀች፣ ጨው የሚችለውን ገብስ ዘራች። ገብሱ አሸተ።

ጓንጉልስ? ሐብሐብ ይወዳልና ጥቁሩ መሬት ላይ ሐብሐብ ተከለ፤ በሰበሰ። ሽምብራውን አሸዋው ላይ በተነ፤ ደረቀ። ስለዚህ ገብሱን ሲያይ መጣ። «ይህም የእኔ ነው!»

አሁንስ ዘርፌ አልወረደችም። ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደች። «አባቶቼ፣ ዓይናችንን ሸፍናችሁ ሦስቱንም አፈር አቅምሱን። የለየ መሬቱን ይውሰድ።»

«አፈር ያው አፈር ነው! ይምጣ!» አለ ጓንጉል ደረቱን ነፍቶ።

ዘርፌ ቀመሰች። «ጥቁሩ። አሸዋው። ጨዋማው።» አንዱንም አልሳተችም።

ጓንጉል ጥቁሩን ቀምሶ «አሸዋ!» አለ። አሸዋውን ቀምሶ «ጥቁር!» አለ። ሦስተኛውንማ ሞልቶ ጎረሰው! ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጢሙ ቆመ። «ተቃጠልኩ!» እያለ ሮጠ፣ አፉን ሊጉመጠመጥ ዘሎ ባሕሩ ውስጥ ገባ፣ ውሃውን ግጥም አድርጎ ጠጣ። ልጆች፣ የባሕር ውሃ ሲቀምሱት ምን ምን እንደሚል ታውቃላችሁ?

ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ፈረዱ፦ ሦስቱም መሬት የዘርፌ ይሁን። ጓንጉል ደግሞ በየዓመቱ፣ ዘርፌ ልትዘራ ስትል፣ ቀድሞ አፈሩን ይቅመስላት።

ቀመሰም። በአራተኛው ዓመት ሁሉንም ለይቶ አወቀ፤ ደስ ብሎት ብቻውን ጨፈረ። ያኔ ዘርፌ ከአሸዋው መሬት ጫፉን ቆርሳ ሰጠችው፣ የሐብሐብ ዘርም ጨመረችለት።

እንግዲህ ልጆች፣ የሰው መሬት አትቀሙ፤ የራሳችሁንም ቢሆን ጠባዩን ሳታውቁ አትዝሩበት።

ተረቴን ዘራሁባችሁ፤ እናንተም አፌን በሐብሐብ አብሱልኝ።