የታነቀው ኩሽኔታ

አንድ ጡረታ የወጣ የግምጃ ቤት ሠራተኛ በአሰላ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የአንድ እርሻ ድርጅት ግምጃ ቤት ሲከፍትና ሲቆልፍ ኖሮ፣ አንዲት ቡሎን ሳትጎድልበት ቁልፉን አስረክቦ የወጣ ሰው ነው። ከዚያ ሥራው ወደ ቤቱ ይዞት የመጣው እምነት ደግሞ አንድ ነበር፤ «የላላ ይጠፋል፣ የጠበቀ ይኖራል» ይላል።

ይህ እምነቱ በቤቱ ዕቃ ሁሉ ላይ ይታይ ነበር። የውኃውን ቧንቧ ሲዘጋ ጎሚኒው እስኪበጠስ ያጠብቀዋል። የበርበሬውን ዕቃ እሱ ከከደነው ባለቤቱ አስካለ ጎረቤት ጠርታ ነው የምታስከፍተው። «ዘርጋው፣ አንድ ቀን እኔንም እንዲህ ትከድነኛለህ» እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል፤ ማጥበቁን ግን አይተውም።

አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ሰናይት። ሃያ ስድስት ዓመት የሆናት ፋርማሲስት ናት። በዚያ ዓመት አዳማ ላይ ሥራ አገኘች። ዘርጋው ወሬውን ሲሰማ ደስ አለው፤ ወዲያውም ፈራ። «አትሄጂም» ለማለት ግን አንጀቱ አልቻለም። «ሂጂ» አላት፤ ከ«ሂጂ»ው ኋላ ግን ብዙ ነገር አስከተለ። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ትደውላለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትደውላለች፣ ማታ ስትገባ ትደውላለች። በየሳምንቱ ዓርብ ሳትቀር ወደ አሰላ ትመጣለች። እሱ ያላወቀውን ሰው ቤቷ አታስገባም።

ሰናይት ለሁሉም «እሺ አባዬ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በቤት ውስጥ ድምፅዋ ቀነሰ። ዘርጋው ይህን አስተዋለ፤ «የመለየት ነገር ነው» ብሎም አለፈው።

እሷንና ዕቃዋን ሊያደርስ ያሰበው በገዛ መኪናው ነበር። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ታዲያ ከፊት ቀኝ ጎማ በኩል እንደ ሩቅ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማው። ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም ይጨምራል። ግቢው ውስጥ በክሪክ አነሣትና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው፤ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ወዲያ ወዲህ አለ። ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው።

«ጋራዥ ውሰዳትና ይቀይሩልህ» አለችው አስካለ።

«ሰው የገጠመው ቡሎን መቼ በደንብ ይጠብቃል? ልጄን የማሳፍርበትን ጎማ ራሴ ነኝ የምገጥመው» አላት።

ሥራው ጨርሶ አዲስ አልነበረም፤ የድርጅቱ መካኒኮች ሲፈቱና ሲገጥሙ ዓመታት ሙሉ አጠገባቸው ቆሞ አይቷል። ቅዳሜ ጠዋት ቱታውን ለብሶ ጀመረ። ጎማውን አወለቀ። ኩሽኔታውን ቦታው ላይ የሚያጠብቀው ዳዶ እንዳይፈታ የሚያስረውን ሽቦ በፒንሳ ነቀለ፣ ዳዶውን ፈታ፣ አሮጌውን ኩሽኔታ አወጣ። ዙሪያውን የተደረደሩት ትንንሽ ብረቶች ምስጥ የበላው እንጨት መስለው ተቦርቡረዋል። የኩሽኔታውን ማስቀመጫ በጨርቅ ጠራርጎ አጸዳ፤ አዲሱን ኩሽኔታ በመዳፉ ላይ አድርጎ ግራሶ ቅባት አጠገበውና በቦታው አስቀመጠው። እስከዚህ ድረስ ያደረገው ሁሉ ልክ ነበር፤ አስካለም በመስኮት እያየችው «ይኸ ሰውዬ ሙያ አለው» ብላ ተደነቀች።

ዳዶው ላይ ሲደርስ ግን የኖረበት ልማዱ መጣ። አጠበቀው። አልበቃውም፤ የመፍቻ ቁልፉን እጀታ በረጅም ቧንቧ አስረዝሞ፣ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ደም ሥሩ እስኪገተር ድረስ አጠበቀው። ከዚያ ሽቦውን አስሮ ጎማውን መለሰ።

ሰናይት ውኃ ልታቀብለው መጥታ ጎማውን በእጇ ልታዞረው ሞከረች። ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ።

«አባዬ፣ ከበደ እኮ። እንዲህ ነው የሚሆነው?»

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲሄድ ይላመዳል» አለና እጁን ታጠበ።

እሑድ ጠዋት አልጋዋን ጣሪያ ላይ አስረው ተነሡ። አስካለ በር ላይ ቆማ እጇን አውለበለበች። የጎማው ጉርምርምታ ጠፍቷል፤ ዘርጋው ደስ አለው። መንገድ ላይም ያለውን ሁሉ እንደገና ደገመላት፤ የጠዋቱን ስልክ፣ የምሳውን፣ የማታውን፣ ዓርብን። ሰናይት ፊቷን ወደ ገብሱ ማሳ አዙራ «እሺ» ትላለች።

ኢተያን አልፈው ብዙም ሳይርቁ አንድ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ዘይት ይመስላል። መኪናዋ ወደ ቀኝ ትጎትት ጀመር። ዘርጋው መንገድ ዳር አቁሞ ሲወርድ ከቀኙ ጎማ መሐል ቀጭን ጢስ ይወጣ ነበር። ክው አለ። የመጠጥ ውኃውን ጀሪካን አንሥቶ ሊደፋበት ሲል ከኋላው አንድ ሰው ጮኸ።

«ተው ተው ተው! የጋለ ብረት ላይ ውኃ አይደፋም፤ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ይረፍ።»

ገለባ የጫነ የፈረስ ጋሪ እየነዱ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ኦቦ በድሩ ይባላሉ። ፈረሳቸውን አቁመው ወረዱና ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ፤ ትናንት» አለ ዘርጋው። «ኩሽኔታው አዲስ ነው፤ ከነማሸጊያው ነው የገዛሁት።»

«እንዴት አድርገው አጠበቁት?»

«በረጅም ቧንቧ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ!» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ወንድሜ፣ አንቀውታላ!»

ዘርጋው ቅር አለው። «ይኸ መኪና እንጂ ጋሪ አይደለም!» አላቸው።

ኦቦ በድሩ አልተቀየሙም። በአለንጋቸው ጫፍ ወደ ጋሪያቸው ጎማ አመለከቱ። «የጋሪዬ እግር ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ከእንደዚህ ያለች መኪና ሥር ነው የተነቀለው። ኩሽኔታውም ያው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። የመጀመሪያውን እኔም እንደ እርስዎ አንቄዋለሁ። የዛኔ የነበረው ፈረሴ ባዶውን ጋሪ መጎተት አቃተው፣ ቆመ። ለገመ ብዬ ገረፍኩት። አላበው፣ ተንቀጠቀጠ፣ እኔ ግን ጨምሬ ገረፍኩት። ቤት ደርሼ ስፈታው ነው ጥፋቱ የእጄ መሆኑ የገባኝ። ፈረሱ ምን አጠፋ? ያሰርኩት እኔ፣ የምገርፈውም እኔ።»

የዘርጋው ዓይን ሳያስበው ወደ ልጁ ሄደ። ሰናይት የፈረሱን አንገት እያሻሸች ቆማ ነበር።

ብረቱ ሲበርድ ዳዶውን ላላ አድርገው፣ መኪናዋን በሰው እርምጃ እየነዱ፣ እዚያው መንገድ ዳር ወዳለው የኦቦ በድሩ ግቢ ገቡ። ሲፈቱት የትናንቱ አዲስ ኩሽኔታ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኖ፣ ግራሶው ቀልጦ አልቆ ነበር። ኦቦ በድሩ ወደ ቤት ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ ኩሽኔታ ይዘው መጡ፤ ለጋሪያቸው ያስቀመጡት መለዋወጫ ነው። ዘርጋው ሊቀበላቸው ሲል፣ «እኔ አልገጥምም፣ እርስዎ ይግጠሙት። እጅዎ ይልመድ» አሉት።

ዘርጋው ግራሶ ቀብቶ አስገባ። ቁልፉን ሲይዝ ሽማግሌው ጎማውን በእጃቸው ያዞሩለት ጀመር።

«እየዞረ እያለ ያጥብቁ፤ አይዞዎት። መጥበቅማ አለበት፣ ቦታውን የሚይዘው በዚያ ነው። ይጨምሩ። አሁን ከበደኝ። በቃ! አሁን ትንሽ ይመልሱለት።»

የዘርጋው እጅ ቆመ። «ይፈታላ!» አለ።

«አይፈታም። ዳዶውን የሚያስር ሽቦ አለው። ቦታውን ከያዘ በኋላ የእርስዎ ጉልበት አያስፈልገውም።»

በሕይወቱ ሙሉ አንድም ነገር አጥብቆ መልሶ ያላላ ሰው አልነበረም። ቁልፉን እንደ ምንም ወደ ኋላ መለሰው፤ የጥፍር ውፍረት ያህል። ሽማግሌው ጎማውን ገፋ አደረጉት። ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ። ሰናይት «ውይ!» ብላ ሳቀች። ዘርጋው ልጁን ስትስቅ ከሰማ ስንት ቀን እንደሆነው ያን ጊዜ ነው የቆጠረው።

«ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ አሁን ድምፁ የተማሪ ነበር።

«ብረት አፍ የለውም፤ ሳይጠየቅ አይናገርም። ትንሽ ሄደው ይቁሙና መዳፍዎን ያሳርፉበት። ለብ ካለ ደህና ነው። ካቃጠለዎት ታንቋል። ጎማው ከተወዛወዘ ደግሞ ላልቷል። መላላትም ደግ እንዳይመስልዎ! የላላበት ሰው ጎማው ወልቆ ገደል ገብቷል።»

የኦቦ በድሩ ባለቤት ያቀረቡላቸውን እርጎ ጠጡ፤ ተመራርቀው ተለያዩ።

ዴራ ሲደርሱ ዘርጋው መኪናዋን አቁሞ ወረደና መዳፉን ጎማው መሐል ላይ አሳረፈ። ለብ ብሏል። ተመልሶ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ወደ ልጁ ዞረ።

«ሰናይት» አለ፣ «ያልኩሽ ነገር ሁሉ ከብዶሻል እንዴ?»

«አባዬ፣ መደወሉ አይደለም የከበደኝ» አለች። «በቀን ሦስት ጊዜ ስደውል ምን እንደምልህ ማጣቴ ነው። ‹ደህና ነኝ› ብዬ እዘጋለሁ። እኔ ደግሞ ልቆጣጠርሽ ብለህ ሳይሆን ላዋራሽ ብለህ ስልኩን እንድታነሣው ነው የምፈልገው።»

ዘርጋው መሪውን ይዞ መንገዱን አየ። የሚለውን ቃል ከአፉ ማውጣት ያን ዳዶ ከመመለስ ይልቅ ከበደው።

«እንግዲያው ሲያሰኝሽ ደውዪ» አላት።

«ዓርብስ?»

«ስንናፍቅሽ ነይ። ቤትሽ ነው።»

ሰናይት ተጠግታ ትከሻውን ሳመችው። አዳማ እስኪገቡ ድረስ ስለምትሠራበት ቦታ ስታወራለት፣ እሱም ሲጠይቃት ሄዱ።

ሰኞ አልደወለችም። ማክሰኞም አልደወለች። ዘርጋው ስልኩን አሥር ጊዜ አነሣ፣ አሥር ጊዜ አስቀመጠ። አስካለ «ለምን አንተ አትደውልላትም?» ብትለው፣ «ተይ፣ ሥራ ይዛ ይሆናል» አላት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሰናይት ነበረች። ስለ አዳማ ሙቀት፣ ስለ አለቃዋ ቁጣ፣ መድኃኒቱን በቀን ስንቴ እንደሚወስዱ አራት ጊዜ አስረድታቸው በአምስተኛው ስለ መረቋት አሮጊት፣ ሁሉንም ነገረችው። ዘርጋው ጆሮው እስኪግል አዳመጠ። ልጁ እንዲህ ወሬ አዋቂ መሆኗን ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ኖሮ አላወቀም ነበር። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ምትክ ኩሽኔታ ይዞ ወደ ኦቦ በድሩ ግቢ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ናቸው። ሰናይት ደግሞ በአምስተኛው ሳምንት፣ ማንም ሳይጠራት፣ ሁለት ትልልቅ ሐብሐብ ታቅፋ በር አንኳኳች።

ወገኖቼ፣ ዘርጋው ክፉ ሰው አልነበረም። ያጠበቀው ስለሚወድ ነው፤ ጥፋቱ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አለማወቁ ነበር። ልጅም፣ ትዳርም፣ ጓደኝነትም፣ የሥራ ባልደረባም መያዝ አለባቸው፤ ያልተያዘ ወልቆ ይጠፋል። ነገር ግን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ለመንቀሳቀስ ትንሽ ክፍተት ይፈልጋል። ያን ከነፈግነው በፍቅራችን ብዛት እናቃጥለዋለን፤ ሲቆምብን ደግሞ ለገመ ብለን እንወቅሰዋለን።

እስኪ ዛሬ ከምትወዷቸው ሰዎች አንዱን «ከብጄብሃለሁ እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱንም ሳታቋርጡት እስከ መጨረሻው ስሙት። ምን ብሎ የሚመልስላችሁ ይመስላችኋል?