ዶሮ የሰፈረበት ፓምፕ

«አንተ ደግሞ በምን አፍህ ነው ስለ ሞተር የምታወራው?» አሉ የገበሬዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ይርዳው፣ በስብሰባው መሃል ጣታቸውን ወደ አንድ ገበሬ ቀስረው። «የገዛኸው የውሃ ፓምፕ እኮ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ገበሬውም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ፣ እውነት ነው። ያንን ፓምፕ የገዛው ቀለሙ አምሮት ነበር። በሁለተኛው ወር ቺንጊያው ተበጠሰ፤ ምትኩን ፍለጋ ያልረገጠው ከተማ የለም፤ ግን አላገኘም።

አሁን ደግሞ አባላቱ የእርሻ በሬዎቻቸውን ሸጠው አንድ አነስተኛ ትራክተር ሊገዙ ነው። ገበሬው ጎረቤት ቀበሌ የሚያርስበት፣ መለዋወጫው በወረዳው ከተማ የሚሸጠው የድሮው ዓይነት ይሁን ይላል። ሊቀመንበሩ ግን በአካባቢው ማንም ያልያዘውን፣ የሚያብረቀርቀውን አዲስ ዓይነት መርጠዋል።

«የእኔ ምርጫ እንከን ካለው አሁኑኑ ተናገር! ከሌለው ፈርምና ቁጭ በል!» ብለው ወረቀቱን ዘረጉለት።

ገበሬው ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«እንከንስ የለውም፣ ጋሽ ይርዳው። የእኔም ፓምፕ ሲገዛ ምንም እንከን አልነበረውም፤ እንከኑ እኔ ነበርኩ። ብቻ ይሄንን የምንገዛ ከሆነ፣ በሬዎቹ ሲሸጡ ዶሮም ይገዛልን። የእኔ ስድስት ዶሮዎች ለፓምፑ በቅተዋል፤ ይህን የሚያህል ትራክተር ግን አይሞሉትም።»

አቶ ይርዳው ያልተፈረመውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጥተው ሄዱ።