ያልታጠበው ፊልም

ይርጋለም ውስጥ፣ ዳቦው ሳይበስል ኮባውን ገልጦ ለሚያይ፣ ነፍሰ ጡሯን «ወንድ ነው ሴት?» እያለ ለሚያስጨንቅ ሰው ጣል የሚደረግ አንድ አባባል አለ። ወጣቱ ይለዋል እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ፎቶ አንስቶ ወዲያው ለሚያይ ልጅ፣ አባባሉ ራሱ ግራ ነው። መነሻው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ሣጥን ነው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዕቃ መጣል የማይሆንላቸው ሴት ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጎን ጀርባው ያበጠው አሮጌው ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ቁጥሩ በጣት እየተሽከረከረ የሚደወልበት ስልክ መስመሩ ከተቆረጠ ዘመን አልፎታል፤ አቧራው ግን በየጠዋቱ ይጠረግለታል። ካሴት እየበላ ያስቸገረው ቴፕም አለ።

«እማ፣ ይህን ሁሉ ለቆራሌው ብንሰጠውስ?» ትላለች ብቸኛ ልጃቸው ምንታምር።

«አንቺንም መርቄ ልስጠዋ!» ይላሉ እናቷ።

ምንታምር ሁሉንም ለመስጠት ዝግጁ ነበረች፤ ከአንድ ነገር በቀር። ሣጥኑ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የአባቷ ካሜራ ነበር።

አባቷ ላታሞ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነበር። ገጠር ለገጠር እየዞረ መድኃኒት ሲረጭ ይውላል፤ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ፎቶ ያነሳል። አንሺው ራሱ ግን አይነሳም። የነበረችው አንዲት ጉርድ ፎቶ የመሥሪያ ቤት መታወቂያው ላይ ያለችው ናት፤ ያቺም ፎቶ፣ ምንታምር ጡት ሳትጥል፣ ላታሞን በክረምት ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ በወሰደው ጊዜ አብራው ሄደች። ምንታምር እንግዲህ የአባቷን መልክ ሳታውቅ አደገች። ሰው «ቁርጥ አባትሽን!» ባላት ቁጥር ደስም ይላታል፣ ይከፋታልም። ማንን እንደምትመስል የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አንድ ተስፋ ነበር። በክርስትናዋ ቀን ላታሞ ካሜራውን ለጎረቤቱ ለፎቶ አንሺው ለአርጋው አቀብሎ፣ ልጁን ታቅፎ ተነስቷል። ፊልሙ ስላላለቀ አልታጠበም። ካሜራው ሆድ ውስጥ እንዳለ አለ።

«ታዲያ ለምን አላሳጠብሽውም?» ስትል እናቷን ትጠይቃለች።

«‹ስመለስ እጨርሰዋለሁ፣ እንዳትነኩት› ብሎኝ ነው የሄደው።»

«አልተመለሰማ፣ እማ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላውን አስተካክለው ሣጥኑን ይዘጋሉ። አንድ ቀን ብቻ እውነቱ አመለጣቸው፦ «ታጥቦ ባዶ ቢሆንስ? አሁን ቢያንስ እዚያ ውስጥ አለ።»

ምንታምር ልታገባ ሽማግሌ ሲላክ ግን ነገሩ ተለወጠ። «አባቴ በሠርጌ ቀን ከግድግዳ ላይ ሆኖ ይየኝ» ብላ እናቷን እግራቸው ሥር ተንበርክካ ለመነች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሲያስቡበት ሰነበቱና አንድ ማለዳ ሣጥኑን ከፍተው ካሜራውን እጇ ላይ አኖሩላት።

«ቀጥ ብለሽ ለአርጋው ስጪው። ፎቶ ቤቱን ዘጋ እንጂ ዕቃውን አልጣለም። አንቺ ግን እንዳትነካኪው።»

«እሺ፣ እማ።»

እሺ ያለችው ከልቧ ነበር። መንገድ ላይ ግን ካሜራው ያቃጥላት ጀመር። ዕድሜዋን ሙሉ የፈለገችው ፊት መዳፏ ላይ ነው። ፊልም የሚባለውን ነገር ስሙን እንጂ ጠባዩን አታውቅም፤ ትንንሽ ፎቶዎች ተደርድረው የተቀመጡበት መሰላት። «ከሰው ሁሉ ቀድሜ አንዴ ብቻ አየት ላድርገው» አለች በልቧ። ከመንገድ ዳር የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣ በጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ሳብ አደረገቻት። ክዳኑ ቷ ብሎ ተከፈተ።

ግራጫ ጥብጣብ ነው። ሳብ አድርጋ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ቀና አድርጋ አየችው፣ ዘንበል አድርጋ አየችው። ፊት የለም፤ ሰው የለም። እናቷ ሲፈሩት የኖሩት ነገር እውነት ሆኖ ታያት። ጥብጣቡን እንደነበረ መልሳ፣ ክዳኑን ዘግታ፣ እንባዋን እየጠረገች ጋሽ አርጋው ቤት ደረሰች።

ጋሽ አርጋው ካሜራውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «የላታሞ ካሜራ! አለ ማለት ነው?»

«አለ፤ ግን አይድከሙ ጋሽ አርጋው፣ ባዶ ነው።»

«ምን ባዶ ይሆናል? አባትሽን ያነሳሁት እኔው ነኝ! ማን ነው ባዶ ነው ያለሽ?»

«እኔው አየሁት።»

ሽማግሌው ካሜራውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እንዴት አድርገሽ አየሽው?»

«ከፍቼ።»

«በፀሐይ?»

ድምፃቸው ሲለወጥ ምንታምር አንድ ነገር እንዳጠፋች ገባት። ጋሽ አርጋው አልተቆጧትም። «የኔ ልጅ፣ ፊልም ሲታጠብ ነው የሚያሳይ። ቀድሞ ብርሃን ካገኘው ይቃጠላል። ውስጥ ውስጡን የተጠቀለለው ይተርፍ እንደሆነ እንጂ፤ እሱ ደግሞ መጀመሪያ የተነሳው ነው። ክርስትናሽ መጨረሻ ላይ ነበር።»

ማጠቢያው መድኃኒት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ምንታምር እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ጋሽ አርጋው ጨለማ ጓዳቸው ውስጥ ገብተው ፊልሙን አጥበው ወጡ። እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከወዲያ ጫፍ አንዲት ምስል ብቻ ተርፋለች።

ያቺን ምስል ሊያትሙ፣ ወረቀቱን የማያቃጥል ቀይ አምፖል አብርተው ምንታምርን አስገቧት። ነጩ ወረቀት ውኃ በመሰለው መድኃኒት ውስጥ ተኝቷል። መጀመሪያ የጣሪያ ጠርዝ ወጣ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሴት፣ ሆዷ የገፋ፣ ሳቋን በእጇ የሸፈነች። እናቷ ናቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለችው እሷው።

«እግራቸው ሥር ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው? እድፍ ነው?»

«እድፍ አይደለም። ልብ ብለሽ እዪው።»

ምንታምር ጎንበስ አለች። ሰፊ ባርኔጣ ታያት። ከዚያ ሁለት ክርኖች፣ ወደ ጎን የተከፈቱ። ካሜራ ዐይኑ ላይ የደገነ ሰው ጥላ ነው። የተሲያት ፀሐይ ከጀርባው ሆና፣ ጥላውን ሣሩ ላይ አስረዝማ ሚስቱ እግር ድረስ አድርሳዋለች።

ፎቶውን ይዛ ወደ ቤት ስትገባ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መክፈቷን፣ በፀሐይ ማየቷን፣ አንድም አላስቀረች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቁጣም ለቅሶም አልወጣቸውም። ፎቶውን መስኮት አጠገብ ወስደው አተኩረው አዩት። በኋላ በጣታቸው ጥላውን ዳሰሱ።

«ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነበር» አሉ። «ይኸው፣ ዝቅ ብሏል። እንዳንቺው።»

ፎቶው ጎልቶ ታትሞ በሠርጉ ቀን ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። የሙሽራው አክስት፣ ያዩትን ሳይጠይቁ የማያልፉ ሴት፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ተጠጉት።

«የአባቷ ፎቶ ነው ብላችሁኝ አልነበረም? ይህ እኮ ጥላ ነው! ፊቱ የት ሄደ?»

እንግዳው ሁሉ ሙሽራዋን አየ። ምንታምር መጀመሪያ አቀረቀረች፤ ቀጥሎ ግን ሳቋ አመለጣት። «ጋሽ አርጋው ይንገሩዎት» አለች።

ጋሽ አርጋው ጠጃቸውን አስቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ፊቱማ ነበረ፣ እመቤቴ፤ ምን ያደርጋል፣ ለማየት የቸኮለ ፊልሙን አቃጠለ።»