የተገኝ ባለቤት

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን አትጠይቁኝ እንጂ ሐይቁ ዛሬም አለ፣ በሐይቅ ዳር መንደር ስንሻውና ተገኝ የሚባሉ ሁለት ታንኳ ሠሪዎች ይኖሩ ነበር። የደንገል ታንኳ ለብቻ አይሠራም፤ አንዱ ነዶውን በጉልበቱ ተጭኖ ይይዛል፣ ሌላው ገመዱን ይስባል። ሁለቱ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠሩ፤ በአንድ ጣሪያ ሥርም ኖሩ። ወንድማማች አልነበሩም። ባልንጀሮች ብቻም አልነበሩም። ባልና ሚስት እንደሚዋደዱት ይዋደዱ ነበር፤ ይህንንም አገሩ ሁሉ ያውቃል። አገሩ በታንኳቸው ይሻገራል፣ ደጃቸውን ግን አይረግጥም። ስማቸውን ላለመጥራት «እነዚያ» ይላቸዋል። ሰው መቼም ሥራህን ወስዶ አንተን መናቅ ያውቅበታል።

ስንሻው ታመመ፤ ከርሞም ሞተ። የአባቱን ቦታ ወርሶ የእድሩ አባል ስለነበር ድንኳኑ እንደሚተከልለት ማንም አልተጠራጠረም። ጭንቁ የተገኝ ነበር። በዚያ መንደር ከሰሌኑ ራስጌ የሚቀመጠው የሟች ባለቤት ነው። ለቀስተኛው ሁሉ መጥቶ ጎንበስ ይልና «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል። ጎረቤት የሆነ ሰው ከኋላ ተቀምጦ፣ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተገኝ ከዚያ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ብቻ ፈለገ። ሃያ ሁለት ዓመት ፍቅሩን በሆዱ ይዞ ኖሯል፤ ዕንባውን ግን በሆዱ መያዝ አልቻለም።

ሦስት ሰዎች ደረሱለት። መጀመሪያ የወጣው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አያ ፈንቴ ነው። አያ ፈንቴ ለሠላሳ ዓመት ሙት ሲያስነግር «የእገሌ ባለቤት እገሌ» የሚል አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚናገረው፤ ምላሱ መንገዱን እንደሚያውቅ አህያ ብቻውን ይሄዳል። ያን ማለዳም ጉብታው ላይ ወጥቶ ነፋና፣ «ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የተገኝ ባለቤት ስንሻው አርፏልና ለቀብር ውጣ!» አለ።

ከዚያ ራሱም ደነገጠ። ሽማግሌዎች እየሮጡ መጥተው፣ «ምን ማለትህ ነው? ውጣና ተሳሳትኩ በል!» አሉት።

አያ ፈንቴ ጥቂት አሰበ። ስንሻውን ጠበል ድረስ በጀርባው ያዘለው ማን ነበር? በሕመሙ ወራት ገላውን ያጠበው ማን ነበር? «አፌ ቀድሞኝ ነው፣ አልዋሽም» አላቸው። «ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞስ ውሸት ተናገረ የሚለኝ ማን ነው?» ጥሩምባውን ቀሙት፤ ዳግመኛም አልነፋም።

ሁለተኛዋ የስንሻው እኅት ውባንቺ ናት። ውባንቺ ለሃያ ዓመት የወንድሟን ደጅ አልረገጠችም። ተገኝን መንገድ ላይ ስታገኘው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ታልፍ ነበር። ሌላ ዘመድ ስላልነበረ ያን ቀን ከሰሌኑ ራስጌ የተቀመጠችው እሷ ናት። ተገኝ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ሰው ሁሉ ጥሩምባውን ሰምቷል፣ ሁሉም ግን መሬት መሬት ያያል።

ውባንቺ ብድግ ስትል ባሏ ክንዷን ያዘ። «ለዚያ ሰው ከተነሣሽ ቤቴ እንዳትመጪ!»

«ለወንድሜ በቁሙ አልተነሣሁለትም፤ ዛሬ እንኳ ልነሣለት» አለችውና ሄዳ ተገኝን በእጁ ይዛ አመጣችው። «ተቀመጥ። ቦታው ያንተ ነው» አለችው። ከዚያም ፊቱ ጎንበስ ብላ፣ የመጀመሪያዋ ሆና «እግዜር ያጽናህ» አለች። ተገኝ ያን ጊዜ ጮኾ አለቀሰ። እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ባሏ ቤት አልገባችም።

ሦስተኛው የእድሩ ዳኛ ይርዳው ናቸው። በማግስቱ መንደሩ ሁለት ሆኖ መጣባቸው። «ይህ ሰው ሐዘንተኛ አይደለም በሉና ድንኳኑ ይነሣ!» አላቸው ግማሹ።

ዳኛ ይርዳው ሁለቱን ሰዎች ወደዋቸው አያውቁም። «እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አልተቀበለውም» አሉ። ከዚያ የእድሩን ደንብ አስመጥተው በሰው ሁሉ ፊት አነበቡ፦ «የአባል ባለቤት በሐዘን ጊዜ እንደ አባል ይታያል።» ቀና አሉና፣ «ባለቤት ይላል። ሚስት አይልም፤ ባልም አይልም። በልቤ ልፍረድ ካልኩማ ደንብ ለምን ጻፍን? በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይባል የለም እንዴ! ድንኳኑ ሦስቱን ቀን ይቆያል። ከእንግዲህም ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የሚኖሩ ሁሉ ባለቤት ተብለው ይመዝገቡ። የሰደባቸው እድሩን እንደሰደበ ይቆጠራል» አሉ። ወንድማቸው በዚያው ቀን ተጣላቸው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አልታረቃቸውም። ወሩ ሳያልቅ ግን ከገበያው ማዶ «እኅትማማች ነን» እያሉ የኖሩ ሁለት ሸክላ ሠሪ ሴቶች መጥተው ተመዘገቡ። አንዷ መዝገቡን በጣቷ እየነካች፣ «ይሄ ነው? የኔ ስም ይሄ ነው?» እያለች ደጋግማ ጠየቀች።

አርባው ደረሰ። በመንደሩ ልማድ ሐዘንተኛው የሟቹን ጋቢ፣ ከሁሉ በላይ ላጽናናው ሰው በገዛ እጁ ያለብሳል። ተገኝ ጋቢውን ይዞ ሦስቱ ፊት ቆመ።

«እኔማ ተሳስቼ ነው» አለ አያ ፈንቴ።

«እኔ ዘግይቼ ነው» አለች ውባንቺ።

«እኔ ሳልወድ ነው» አሉ ዳኛ ይርዳው።

በዚያ መንደር ዛሬ ተገኝ ሰሌኑ ላይ መቀመጡ ተገቢ ነበር ወይ ብሎ የሚከራከር የለም፤ ብትጠይቋቸው ይስቁባችኋል። ስለ ጋቢው ግን እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። የፈንቴ ወገኖች «ቃሉ ባይወጣ ማን ይነሣ ነበር? ማንስ ይፈርድ ነበር?» ይላሉ። የውባንቺ ወገኖች «ቃል አያቅፍም፣ ደንብም አያለቅስም፤ እጁን የያዘችው እሷ ናት» ይላሉ። የይርዳው ወገኖች ደግሞ «የሚወዱትን መርዳት ማንም ያውቃል። እሳቸው ልባቸውን አሸንፈው ነው፤ ለነገው ሰው ሁሉ የተረፈውም የሳቸው ፍርድ ነው» ይላሉ።

እኔ ሦስቱንም ባከብርም ጋቢው አንድ ነው። ተገኝም እንደ ቆመ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ የስንሻውን ጋቢ ለማን ያልብሰው?