ጣለች አትበል

ተረት ተረት! እናንተ ደግሞ «የዶሮ ቤት!» በሉኝ።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ለገብስማ ዶሮዋ ከአሮጌ ሳንቃ ሳጥን ሠራችላት፤ እንጨቱን ራሷ ቆርጣ፣ ምስማሩን ራሷ መትታ። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዶሮዋ እዚያ ሳጥን ውስጥ እንቁላል እንድትጥልላት። ዶሮዋ ግን አንድ ቀን ጌሾ ሥር፣ አንድ ቀን አጥር ጥግ፣ አንድ ቀን እግዜር ብቻ በሚያውቀው ቦታ ትጥላለች።

ባሏ ጎበዜ መረረው። «እንቁላሏን ካልበላን ሥጋዋን እንበላለን። ሳጥንሽ ውስጥ ካልጣለች ለበዓል ትታረዳለች» አለ።

ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱም ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው ሳቁ። «አይ ትርንጎ! ዶሮ እኮ ‹ትጥላለች› ነው የሚባለው። የጣለ ሰው የት እንደጣለ ያውቃል እንዴ?»

ትርንጎን እልህ ያዛት። «የእኔ ዶሮ አትጥልም፤ ታስቀምጣለች!» ብላ ወደ ዶሮዋ ሄደች።

«ገብስሜ፣ ምነው ሳጥኑን ጠላሽው?»

«ባዶ ሳንቃ ላይ ማን ይቀመጣል? ጭድ ካልተነጠፈልኝ አልገባም» አለች ዶሮ። እውነቷን ነው። ልንገራችሁ፣ ዶሮ ለስላሳና ጨለም ያለ ቦታ ካላገኘች ልቧ አይረጋም።

ትርንጎ ወደ ጭድ ሄደች። «ጭድ ሆይ፣ ና ተነጠፍ፤ ዶሮ ያለ ጭድ አልገባም አለች።»

«እንዴት ልምጣ? አህያ ተኝታብኛለች» አለ ጭድ።

ወደ አህያ ሄደች። «አህያ ሆይ፣ ተነሺ፤ ጭድ ከአህያ ሥር አልወጣም አለ፤ ዶሮ ያለ ጭድ አልገባም አለች።»

«እርጥብ ሣር ሳልበላ ጉልበቴ አይነሣም» አለች አህያ።

ወደ ሣር ሄደች። «ሣር ሆይ፣ ላጭድህ፤ አህያ ያለ ሣር አልነሣም አለች፤ ጭድ ከአህያ ሥር አልወጣም አለ፤ ዶሮ ያለ ጭድ አልገባም አለች።»

«እኔ መቼ እምቢ አልኩ? ማጭድሽን ጠይቂ» አለ ሣር።

ወደ ማጭድ ሄደች። «ማጭድ ሆይ፣ ቁረጥልኝ፤ ሣር ያለ ማጭድ አልታጨድም አለ፤ አህያ ያለ ሣር አልነሣም አለች፤ ጭድ ከአህያ ሥር አልወጣም አለ፤ ዶሮ ያለ ጭድ አልገባም አለች።»

«ዶልዱሜያለሁ! ሞረድ ካልነካኝ አንዲት ሰንበሌጥ አልቆርጥም» አለ ማጭድ።

በሰፈሩ ሞረድ ያላቸው ማን መሰሏችሁ? እትዬ ደብሪቱ ናቸው! ትርንጎ ኩራቷን ውጣ ሄደች። «እትዬ፣ ሞረድዎን ያውሱኝ፤ ማጭድ ያለ ሞረድ አልቆርጥም አለ፤ ሣር ያለ ማጭድ አልታጨድም አለ፤ አህያ ያለ ሣር አልነሣም አለች፤ ጭድ ከአህያ ሥር አልወጣም አለ፤ ዶሮ ያለ ጭድ አልገባም አለች።»

«ሞረዴንማ የማውሰው ለአንድ እንቁላል ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ያውም ሳጥንሽ ውስጥ ለተቀመጠው!» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ጉዱን አያችሁት? እንቁላል ያለ ሞረድ የለም፤ ሞረድ ያለ እንቁላል የለም። ነገሩ እንደ መቀነት ዞሮ ራሱን አሰረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዶሮዋን ለቢላዋ አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ትርንጎ ግን ወደ ወንዝ ወረደች። ነጭ፣ ሞላላ፣ ቁርጥ እንቁላል የመሰለ ድንጋይ ይዛ ተመለሰች።

«በስመ አብ! ድንጋይ ልታበይኝ ነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«የለም እትዬ፤ ሞረድዎ ይቆይልዎት» አለችና ማጭዱን እፊታቸው፣ ድንጋዩ ላይ ሞዥቅ ሞዥቅ አደረገችው።

ይኸው ማጭድ ተሳለ! ማጭድ ሣርን አጨደ፤ ሣር አህያን አስነሣ፤ አህያ ጭድን ለቀቀች፤ ጭድ ሳጥኑ ውስጥ ተነጠፈ። ትርንጎ ድንጋዩንም የትም አልጣለችው፤ ጭዱ መሐል አስቀመጠችው።

ዶሮዋ አንገቷን አስግጋ አየች። «ይቺ የማን እንቁላል ናት? በእኔ ሳጥን ማን ቀደመኝ?» ብላ ደረቷን ነፍታ ገባች፤ ድንጋዩን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ዶሮ ቀድሞ የተቀመጠ እንቁላል ያየችበትን ቦታ ታምናለች፤ እንቁላሉን ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ ሰው ነው ዶሮዋን አጥር ለአጥር የሚያዞራት።

ጥቂት ቆይቶ ከሳጥኑ «ቋ ቋ ቋ ቋቅ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎበዜ ሮጦ እጁን ሰደደና ትኩስ እንቁላል አወጣ። «ጣለች! እሰይ፣ ጣለች!»

ትርንጎ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አጥር ማዶ እስኪሰማ ድረስ «ጣለች አትበል! አስቀመጠች በል!» አለችው።

«አስቀመጠች» አለ ጎበዜ።

ከአጥሩ በላይም እትዬ ደብሪቱ ብቅ አሉ። «አስቀመጠች» አሉ ቀስ ብለው። «ስሚ ልጄ፣ የእኔዎቹም የትም እየጣሉ አስቸገሩኝ። ያንን ድንጋይ ብታውሺኝ?»

«ድንጋዬንማ የማውሰው ለአንድ እንቁላል ነው እትዬ» አለች ትርንጎ፤ ያን ጊዜ የሳቀችውም እሷ ሆነች።

እኔም ተረቴን አልጣልኩትም፤ እዚህ እናንተ ዘንድ አስቀመጥኩት። ስታነሡ ግን አንድ ተዉልኝ፤ ነገም ተመልሼ እንድመጣበት።