አያ ሰው መጣልህ!

አንድ ጊዜ ዘርፌ የምትባል ኮረዳ ጅብ እያለከለከች ቀበሮ ደጃፍ ደረሰች።

«እመት ቀበሮ፣ ወንድሜን ገደልኩት መሰለኝ!»

«ቀስ በይ፣ ምራቅሽ ፊቴ ላይ እየተረጨ ነው። ምን አድርገሽው ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ማታ ማታ ስትወጣ ለዘርፌና ለትንሹ ወንድሟ ለኩቲ አንድ አጥንት ትታላቸው ትሄዳለች። ዘርፌ ደግሞ ሆዷ አይችልም። «ኩቲ፣ እንዳትወጣ! ጨለማው ውስጥ አያ ሰው አለ፣ ይበላሃል!» ትለውና አጥንቱን ደጅ ላይ ብቻዋን ትቆረጥመዋለች። ኩቲ የዋሻውን ግድግዳ ታኮ ያድራል።

ክረምቱ ሲቃረብ እናትየው «ዋሻችን ውሃ ሊገባበት ነው፣ በጨለማ ወንዙን ተሻግረን እንሄዳለን» አለች። ዘርፌ ያኔ ደነገጠች። ጨለማ የሚፈራ ጅብ እንዴት ይሻገራል? ይልመደው ብላ ማጅራቱን ነክሳ ድቅድቁ ጨለማ ውስጥ ጎትታ አወጣችው። ጮኸ፣ ተዝለፈለፈ፣ ከዚያ ወዲህ ሥጋ የሚባል አልቀመሰም።

ቀበሮ ሳቀች። «አንቺ ጅል፣ ገንፎ ከመሃል ይጀመራል? ያቃጥላል! ከዳር ከዳሩ ነው የሚበላው። ጨለማም እንደዚያው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ አጥንቱን በሩ ላይ አድርጊለት። ሲለምደው ትንሽ ራቅ፣ ትንሽ መሸት። አትጎትቺው። አጠገቡ ተቀመጪ።»

«አጥንት አጠገብ? ሳልበላ?»

«ሳትበዪ! ለምክሬ ደግሞ የዛሬው ድርሻሽ የኔ ነው።»

ዘርፌ ምራቋን እየዋጠች ተቀመጠች። ኩቲ አፍንጫውን ብቻ ብቅ አደረገ።

«እታለም፣ አያ ሰውስ?»

«እኔ አለሁልህ፣ ና።»

በሩን ለመደ። ቀጥሎ ደጅ ያለውን ድንጋይ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ የቆመውን ዋርካ ለመደ። ጉጉት ስትጮህ ሮጦ ይገባል፤ ዘርፌም አጥንቱን መልሳ በሩ ላይ ታስቀምጥለታለች።

ዝናቡ ግን አልጠበቃቸውም። አንድ ምሽት ውሃው ዋሻው ውስጥ ገባ። እናትየው «ውጡ!» ብላ ጮኸች። ኩቲ ቀድሟቸው እስከ ዋርካው ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

«ከዚህ ወዲያ አላውቀውም፣ እታለም።»

ዘርፌ አልጎተተችውም። አዝላው ወንዙ ውስጥ ገባች። ልቡ ጀርባዋ ላይ ድው ድው ሲል ይሰማታል። ማዶ ሲደርሱ አለቀሰች።

«ኩቲዬ፣ አያ ሰው የምልህ ውሸቴን ነው። አጥንትህን ልበላብህ ነው።»

«ካወቅኩ ቆየሁ። ስትቆረጥሚ ይሰማኛል እኮ» አላት። «እግሬ ግን ውሸት መሆኑን አያውቅም።»

በነጋታው ዘርፌ መጀመሪያ ያደረገችው፣ እናቷ የሰጠቻትን አጥንት እንኳን ሳትልሰው ወስዳ አዲሱ ዋሻ በር ላይ ማስቀመጥ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብላም መምሸቱን ጠበቀች።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ለማስፈራት አንዲት ቃል እንደምትበቃ፣ ፍርሃቱን ለማስለቀቅ ግን ሳይጎትቱት፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከዳር ከዳሩ ማለማመድ እንደሚያስፈልግ ነው።